የመጽሐፉ ኮድ እኔ ጋ አልነሳ አለ፤ ስፕሪንግን ከመጽሐፍ መማር ከንቱ ድካም ነው?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃቫን ራሱን አንድ ዓመት ያህል ተምሬያለሁ፤ ክላስ፣ ኢንተርፌስ፣ ኮሌክሽን፣ ኤክሴፕሽን አያስቸግሩኝም። አሁን ወደ ዌብ ልሻገር ብዬ ስለ ስፕሪንግ ቡት፣ ማለትም በጃቫ የዌብ ፕሮግራም ስለሚሠራበት ዝግጁ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ)፣ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ይዣለሁ። ቪዲዮ አልሆነልኝም፤ አስተማሪው ይሮጣል፣ እኔ ማቆሚያውን ስጫን እውላለሁ። መጽሐፍ ግን ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።

እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ሁሉም ሰላም ነበር። ሦስተኛው ላይ ዳታቤዝ ሲመጣ ከፋይሉ አናት የተደረደሩት ኢምፖርቶች (ሌላ ቦታ ያለ ኮድ የሚጠራባቸው መስመሮች) በሙሉ በኤረር ቀሉ። በግምት እየነካካሁ እንደምንም አለፍኳቸው። ስድስተኛው ላይ ስለ ሴኩሪቲ ሲያስተምር ደግሞ ዌብሴኩሪቲኮንፊገረርአዳፕተር የሚባል ክላስ ኤክስቴንድ አድርግ ይለኛል። እንደዚህ የረዘመ ስም ስጽፍ ፊደል ዘልዬ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ እያስተያየሁ ጻፍኩት። ክላሱ ራሱ የለም! ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፤ ፍሬምወርክን በወረቀት አይማሩትም፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ኮዱ ያረጃል። ከተሳሳትኩ አርሙኝ። መጽሐፉን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

(በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም እንዳያስስ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አንደበት አስቀምጫለሁ። የዘለልኩት አለ፤ አንዳንዱም መዘለል ይገባዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ረጋ ያለ ሰው ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ፤ መጽሐፉ በየትኛው የስፕሪንግ ቡት ቨርሽን እንደተጻፈ፣ እኔ ጋ ያለው ስንት እንደሆነ፣ የጫንኩት ጃቫ ስንተኛው እንደሆነ። አያይዞም አልሠራም ማለት ኤረር እንዳልሆነ፣ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ መለጠፍ እንደነበረብኝ በለዘብታ ነገረኝ። አፈርኩ፤ እውነቱን ነው።

መልስ 2 የራሴ ነው። መጽሐፉ 2.3፣ እኔ ጋ 3.2፣ ጃቫ 17። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነገሩ ለራሴም ብልጭ ሳይልብኝ አልቀረም።

መልስ 3፦ ኢምፖርቶቹ ለምን እንደቀሉ ከሥሩ አስረዳ። ኦራክል የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ኤዲሽንን በ2017 ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሰጠ፤ ጃቫ የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክቱ ነውና አብሮ አልተሰጠም። አዲሱ ባለቤት ጃካርታ ብሎ ሰየመው፤ በ2020 መጨረሻ የወጣው ጃካርታ 9 ደግሞ የፓኬጆቹን ስም ራሱን ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ለወጠ። ስፕሪንግ ቡት ይህን የተቀበለው በኖቬምበር 2022 በወጣው 3.0 ነው፤ ያው ቨርሽን ከጃቫ 17 በታች አይነሳም። የእኔ መጽሐፍ የተጻፈው ከዚያ በፊት ስለሆነ የጥፋቱ ባለቤት ደራሲው አይደለም። መፍትሔው ቀላል መሆኑንም ነገረኝ፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ ጃቫክስ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጃካርታ ብሎ መተካት።

መልስ 4፦ ኧረ እንዳትሞክረው ብሎ ገባ። ሁሉም ጃቫክስ አልተዛወረም። ዳታሶርስ (የዳታቤዝ መገናኛው) ያለበት የኤስኪውኤል ፓኬጅ፣ የክሪፕቶው፣ የስዊንጉ የጃቫ የራሱ አካል ስለሆኑ ዛሬም ጃቫክስ ናቸው። የተዛወሩት የኢንተርፕራይዙ ወገኖች ናቸው፤ ሰርቭሌት (የብራውዘርን ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልስ ክላስ)፣ ፐርሲስተንስ፣ ቫሊዴሽንና መሰሎቻቸው። እሱ ራሱ ሁሉንም በጅምላ ተክቶ ዳታሶርሱን አጥፍቶ ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈልግ እንደዋለ አልደበቀም። ይህቺን ማስጠንቀቂያ ባላነብ ኖሮ እኔም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ መተኪያውን ሳጥን ከፍቼ ጃካርታ ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

መልስ 5፦ ለክሩ ዋናው መልስ ይህ ነው፤ የጻፈችው ረጅም ልምድ እንዳላት የሚያስታውቅ ሰው ናት። የ3ኛውንም የ4ኛውንም ልክነት ተቀብላ፣ ሁለቱም ግን የተጠየቀውን እንዳልመለሱ ተናገረች። ጥያቄው ስለ መማር ነው። አዲስ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሊማር አይገባውም፤ ስፕሪንግ ምን እንደሆነ፣ ደግሞም ከ2.3 እስከ 3.2 ምን እንደተለወጠ። ስለዚህ በፖም ፋይሉ (የፕሮጀክቱ ቅንብር በሚጻፍበት) ውስጥ ፓረንት በሚለው ሥር ያለችውን የቨርሽን መስመር ከመጽሐፉ ጋር አንድ አድርግና መጽሐፉን በራሱ ዘመን አንብበው። አዲስ ፕሮጀክት የሚያዘጋጀው የስፕሪንግ ኢኒሺያላይዘር ገጽ አሮጌውን ቨርሽን ለምርጫ ስለማያቀርብ ቁጥሩ በእጅ ይጻፋል፤ ወይም ከመጽሐፉ ጋር የሚወርደውን ኮድ መነሻ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለመማሪያ ብቻ ነው፤ የ2.ኤክስ የመጨረሻው 2.7 እንኳ ነፃ ድጋፉ በኖቬምበር 2023 ስላበቃ፣ በዚያ ቨርሽን የተሠራ ነገር ለሕዝብ እንዳይከፈት አጥብቃ አስጠነቀቀች።

እንዳለችኝ አደረግኩ። ቁጥሩን ለወጥኩ፣ አስነሳሁት፤ ፕሮግራሙ ገና ሳይቆም ወደቀ። ከስታክ ትሬሱ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ ከሚያወጣው ረጅም የኤረር ዝርዝር) መሃል አንድ መስመር የክላስ ፋይሉ ሜጀር ቨርሽን 61 እንዳይታወቅ ሆኖ እንደመጣበት ይናገራል። 61 ምንድን ነው? በሙሉ ፕሮጀክቴ ውስጥ 61 የሚል ቁጥር ፈልጌ አጣሁ።

መልስ 6፦ በሁለት መስመር ገላገለኝ። ከሜጀር ቨርሽኑ 44 ሲቀነስ የጃቫው ቁጥር ይወጣል። 61 ጃቫ 17 ነው፣ 55 ጃቫ 11፣ 52 ጃቫ 8። የ2.3 ዘመን ስፕሪንግ በጃቫ 17 የተሠራ ክላስ ማንበብ አያውቅበትም። ጃቫ 11 ጭኜ፣ እዚያው ፖም ፋይል ውስጥ የጃቫ ቨርሽን የምትለዋን መስመር 11 አደረግኳት። ተነሳ። ሎጉ ላይ ቶምካት (የዌብ ሰርቨሩ) በ8080 ፖርት መጀመሩን ሳይ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

መልስ 7፦ እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ። በመድረኩ ላይ ረጅም ዘመን የቆየ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰላምታም አልነበረው። የዛሬ ልጆች አኖቴሽን (ኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) እንደ ዳዊት እየደገሙ ፕሮግራመር ነን ይላሉ፣ ሰርቭሌት በእጁ ጽፎ የማያውቅ፣ የድሮውን የቅንብር ፋይል ዌብ ዶት ኤክስኤምኤልን ያላየ ሰው ስፕሪንግን መንካት የለበትም የሚል ነው አሳቡ። ለእሱ የመጽሐፌ ችግር ማርጀቱ አይደለም፤ በጣም አዲስ መሆኑ ነው።

መልስ 8፦ ይህች ደግሞ መለሰችለት፤ ቃሏ ጨዋ፣ ይዘቱ ግን የሚቆረቁር ነው። እሷ በስትራትስ (የቆየ የጃቫ ፍሬምወርክ) ዘመን ከመጽሐፍ ተምራለች። ያኔ በቃሏ ከያዘችው ኤክስኤምኤል ዛሬ አንድ መስመር አታስታውስም። የቀረላት ጥያቄ ከብራውዘር ተነስቶ ሰርቨር እንዴት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ መልሱ በምን መንገድ እንደሚመለስ ማወቋ ብቻ ነው። እኔን የመከረችኝ ወር ሙሉ ሰርቭሌት እንዳጠና አይደለም፤ አንድ ቀን መድቤ አንዲት ሰርቭሌት በእጄ እንድጽፍ፣ በማግስቱ ዲስፓቸርሰርቭሌት የሚባለውን የስፕሪንግ ክላስ ከፍቼ እንዳይ ነው። እውነትም እሱ ራሱ ሰርቭሌት ነው! ጥያቄው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፣ እሱ የትኛው ኮንትሮለር (ለአድራሻው መልስ የሚሰጥ ክላስ) እንደሚያስተናግደው ፈልጎ ያስተላልፋል። ይህን ካየሁ በኋላ የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ሌላ መጽሐፍ መሰለኝ።

መልስ 9፣ 10፣ 11፦ 7ኛው ተመልሶ 8ኛዋን ተናገራት፤ እሱን አልደግመውም። አንዱ ኳርከስ የሚባል ሌላ ፍሬምወርክ ተማሩ አለ፣ ሌላው ጃቫን ጭራሹኑ ተዉት አለ። ከዚያ በምን እንደተሻገረ ባላውቅም ክርክሩ የኤዲተር ገጽ ጥቁር ይሁን ነጭ ወደሚል ዞረ። 

መልስ 12 የአስተባባሪው ነው። የቀለሙን ነገር በሌላ ክር ቀጥሉበት፣ መሳደብ ግን በየትኛውም ክር አይፈቀድም ብሎ ሄደ።

መልስ 13፦ ክሩን ወደ መስመሩ የመለሰው ይህ ነው። ፍሬምወርክ ከመጽሐፍ አይማሩትም ያልኩትን ይዞ ስፕሪንግ ራሱ ከመጽሐፍ የተወለደ መሆኑን አስታወሰኝ። ሮድ ጆንሰን በ2002 ስለ ኢንተርፕራይዝ ጃቫ በጻፈው መጽሐፍ ላይ 30,000 መስመር ያህል ኮድ አያይዞ ነበር። አንባቢዎች መጽሐፉን ካነበቡ በኋላ ኮዱን ለሥራ ፈለጉት። ያ ኮድ አድጎ ነው በማርች 2004 ስፕሪንግ 1.0 የሆነው።

መልስ 14 ለ13ኛው ማሟያ ነው። በመጽሐፉ ጊዜ ኮዱ ስፕሪንግ አይባልም ነበር፤ የፓኬጆቹ መጠሪያ ኢንተርፌስ21 ነበር። ኮዱን ክፍት ፕሮጀክት እናድርገው ብለው ደራሲውን የወተወቱት ሁለት አንባቢዎች፣ ዩርገን ሆለርና ያን ካሮፍ ናቸው። ስሙን ያወጣው ካሮፍ ሲሆን፣ ከቀድሞው የኢንተርፕራይዝ ጃቫ ክረምት በኋላ የመጣ ጸደይ ለማለት ነው። የመነሻ ጽሑፌን አላረምኩም፣ እንዳለ ይቀመጥ። ግን ከዚህ መልስ በኋላ በዚያ አባባሌ አልከራከርም።

መልስ 15፦ አንዲት አዲስ ተማሪ በእኔ ክር ላይ የራሷን ችግር ይዛ መጣች። የእሷ ቨርሽን ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፣ ጃቫውም አንድ ነው፣ ኤረር የሚባል ነገር አይታይም። ፕሮግራሙ በሰላም ይነሳል። ብራውዘሩ ላይ ግን ዋይትሌብል ኤረር ፔጅ የሚለው ነጭ ገጽና 404 (አልተገኘም) ብቻ። ሁለት ቀን ሆኗታል። ኮንትሮለሩን ከመጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይታ አንዲት ነጥብ እንኳ ልዩነት አላገኘችም።

መልስ 16፦ ኮንትሮለሩን ትታ የፎልደሮቹን ዛፍ እንድታሳይ ጠየቃት። 17 ላይ ለጠፈችው።

መልስ 18፦ ገና እንዳየው አገኘው። ሜን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት) ያለበት ክላስ አፕ በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ነው፤ ኮንትሮለሩ ደግሞ ኮንትሮለር በሚባል ሌላ ፓኬጅ ውስጥ። ሁለቱ ፓኬጆች እህትማማች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ አይደለም። ስፕሪንግ ቡት ሲነሳ አኖቴሽን የተለጠፈባቸውን ክላሶች የሚፈልገው ሜን ካለበት ፓኬጅ ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ነው። ወደ ጎን አያይም። ስለዚህ ኮንትሮለሯን አላየውም፤ ያላየውን ነገር ደግሞ ጎድሎኛል ብሎ አይጮህም። ሜን ያለበትን ክላስ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ለሁለቱም ወላጅ ወደሆነው ፓኬጅ አወጣችው፤ ገጹ መጣ።

ይህን ሳነብ የራሴን መጽሐፍ ገልጬ አየሁ። የፓኬጁ አቀማመጥ በሥዕል አለ፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን የሚገኘው ከሥዕሉ ሦስት ገጽ አልፎ ነው፣ እሱም በግርጌ ማስታወሻ። እኔ የዳንኩት አውቄ አይደለም፤ ሁሉንም ክላስ በአንድ ፓኬጅ አጭቄው ስለነበር ነው።

መልስ 19፦ ትንሽ ሸካራ ነው። የመጽሐፉን ዚፕ አውርዳ ብታስነሳው ኖሮ ሁለት ቀን እንዳልባከነ ጻፈ፤ በእጅ መገልበጥ ያለፈበት ልማድ ነው ባይ ነው።

መልስ 20፦ ይቃወመዋል፤ ዚፑን አውርዳ ብታስነሳው ይህን ሕግ መቼም ባላወቀች። ግን ለ19ኛው ግማሽ እውነት ትቶለታል። እሱ ራሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን በእጁ ጽፎ ጨርሶ፣ በሚቀጥለው ቀን ባዶ ፕሮጀክት ከፍቶ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ተቀምጧል። ጣቱ ተምሯል፣ እሱ አልተማረም። ከዚያ ወዲህ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ምዕራፉን ጽፎ ያስነሳል፣ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ያንኑ ነገር በሌላ ጉዳይ ላይ ከዜሮ ይሠራዋል። መጽሐፉ የሸቀጥ ትእዛዝ ካስተማረ እሱ የስብሰባ አዳራሽ ማስያዣ ይሠራል። የሚቆምበት ቦታ ያልገባው ቦታ ነው፤ ተመልሶ የሚያነበውም እሱን ብቻ ነው። ምክሩን በሦስተኛው ምዕራፍ ሞከርኩት። የቆምኩት አንድ አዳራሽ ብዙ ቀጠሮ አለው የሚለውን ግንኙነት በየትኛው ክላስ ላይ እንደምጽፍ ሳላውቅ ነው። መጽሐፉ ላይ ግን ያንን ገጽ በእርሳስ ተረድቻለሁ ብዬ ምልክት አድርጌበት ነበር።

መልስ 21፦ ይህ ከርዕሱ ይወጣል፣ ግን ጠቃሚ ነው። በመጽሐፍ ምሳሌ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት አራት መዝገብ ብቻ ስለሚኖር የማይታይ በሽታ እንዳለ ጻፈ። ሂበርኔት (ክላሶቹን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው) ወደ ዳታቤዝ የሚልከውን ኤስኪውኤል ሎግ ላይ እንዲያሳይ ሾው ኤስኪውኤል የሚለውን ቅንብር ትሩ ማድረግ፣ ከዚያ አሥር አዳራሾችን ከነቀጠሮዎቻቸው ዘርዝሮ ማየት። እኔ ጋ 11 ጥያቄ ወጣ፤ አንዱ ለዝርዝሩ፣ አሥሩ ለየአዳራሹ። አዳራሾቹ ሺህ ቢሆኑ ምን እንደሚሆን ሒሳቡን ለእኛ ተወልን። ማስተካከያው ጆይን ፌች (ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ማምጣት) መሆኑን 22ኛው ጨመረ።

መልስ 23፦ 5ኛዋ ተመለሰች። መጽሐፉን በራሱ ዘመን ያነበበ ሰው በኋላ ወደ 3.ኤክስ ሲሻገር የሚያደናቅፉትን፣ እሷም የተደናቀፈችባቸውን ዘረዘረች። ከ2.5 ጀምሮ ዳታ ዶት ኤስኪውኤል የሚባለው ፋይል ሂበርኔት ቴብሎቹን ሳይፈጥር በፊት ስለሚነበብ፣ ዳታ ለመጫን ሲሞክር ቴብሉ የለም ይላል። ከ2.7 ጋር የመጣው ኤች2 ዳታቤዝ ዩዘር የሚለውን ቃል ለራሱ ስለያዘ፣ ዩዘር የሚባል ኤንቲቲ (ወደ ቴብል የሚለወጥ ክላስ) ያለው መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ይሰበራል። መጽሐፍ ደግሞ ዩዘር የሌለበት የት አለ? ከ3.0 ወዲህ በአድራሻው መጨረሻ ላይ የምትጨመር ሰያፍ መስመር (/) 404 ታመጣለች፤ ድሮ ትታለፍ ነበር። ከ3.2 ጀምሮ ኮምፓይለሩ የፓራሜትሮችን ስም እንዲያስቀምጥ ካልታዘዘ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ፓዝቫርያብል (ከአድራሻው ላይ የሚነበብ እሴት) አይሠራም። እኔ ያጣሁት ባለ ረጅም ስሙ ክላስም በስፕሪንግ ሴኩሪቲ 5.7 ሊወገድ እንደሆነ ተነግሮለት በ6.0 ወጥቷል፤ በቦታው ሴኩሪቲፊልተርቼይን የሚመልስ ቢን (ስፕሪንግ ራሱ የሚያስተዳድረው ዕቃ) ይጻፋል። ይህን መልስ አትሜ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ሸጉጬዋለሁ።

መልስ 24፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ኤአይ ጠይቁ የሚል ነበር። መልስ 25 የሰጠችው 15ኛዋ ናት፤ ጠይቃ እንደነበርና በአንድ ክላስ ውስጥ የሴኩሪቲ ሕግ ለየትኛው አድራሻ እንደሆነ የሚነገርበትን የድሮውን አንትማቸርስ ከአዲሱ ሪኩዌስትማቸርስ ጋር ቀላቅሎ እንደሰጣት። የመጽሐፍ ኮድ ቢያረጅም ሁሉም እኩል አብሮ ነው የሚያረጀው ብላ አከለች። ወደድኩላት።

መልስ 26፦ 7ኛው ተመለሰ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ የመጣው ግን ዓመት ሊያርም ነው። በቀለሙ ክርክር መሃል አንዱ ስፕሪንግ ቡት 1.0 የወጣው በ2012 ነው ብሎ ኖሯል፤ ትክክሉ ኤፕሪል 2014 ነው። ይህን ብሎ ጠፋ። መረጃው ልክ ነው።

መልስ 27 የራሴ ነው፣ ያለሁበትን ለማሳወቅ። እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ በ2.3 ሠርቼ፣ ኮፒውን በሌላ ፎልደር ወደ 3.2 አሻገርኩት። መጀመሪያ ላይ 41 ኤረር ቆጠርኩ። ኢምፖርቶቹን አንድ በአንድ ሳስተካክል ወደ 9 ወረደ፣ ሴኩሪቲውን እንደገና ስጽፈው ቀዩ ሁሉ ጠፋ። ዩዘር የሚለውን ቴብል ስሙን ቀየርኩ፣ ተነሳ። ገጾቹ ይከፈታሉ፣ ሎግኢን ይሠራል። አዲስ ቀጠሮ በፖስት (ዳታ ወደ ሰርቨር በሚላክበት መንገድ) ስልክ ግን 403 (አልተፈቀደም) ይመልስልኛል።

መልስ 28፦ ሲኤስአርኤፍ (ሌላ ገጽ በተጠቃሚው ስም ጥያቄ እንዳይልክ የሚከላከለው) ነው፣ ዝጋውና ተገላገል አለኝ፤ የሚዘጋበትን መስመርም ጻፈልኝ።

መልስ 29፦ 8ኛዋ ናት። ለምን ተከፍቶ እንደመጣ ሳላውቅ እንዳልዘጋው ከለከለችኝ፤ በ2.3ም ሳይነገረው የተከፈተ እንደነበር፣ እኔ ያላየሁት እስካሁን ፖስት ስላልላክሁ መሆኑን ነገረችኝ። መጽሐፌ የትኛው እንደሆነ ስለገባት ማብራሪያው ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ከፎርሞች ጋር እንዳለም ጠቆመችኝ። እኔ ገና ስድስተኛው ላይ ነኝ፤ 403ቱን እንዳለ ትቼ ወደ ሰባተኛው ዞሬያለሁ።